የመንደሩ ምሥራቅ በኩል

"ቤታችሁ በመንደሩ በየት በኩል ነው?"

እኛ አገር ይህን የሚጠይቅ ሰው አቅጣጫ ጠፍቶት አይደለም። መጀመሪያ ስምህን ይጠይቅሃል። ስምህ የሚፈልገውን ካልነገረው መንደርህን ይጠይቃል። መንደርህም ካልነገረው "በየት በኩል?" ይላል፣ እንደ ዘበት። የቤተ መቅደሱ ጎን ካልክ ሻይ ይታዘዝልሃል። ምሥራቅ በኩል ካልክ ሰውየው ሰዓቱን ያያል። "አትንኳቸው" ከሚባሉት ዘሮች አንዱ የሆንነው የእኛ የማሃሮች ሰፈር በየመንደሩ ምሥራቅ በኩል ነው፤ ነፋሱ ከምዕራብ ስለሚመጣ እኛን የነካ ነፋስ እነሱ ጋ እንዳይደርስ ተብሎ። ከጉድጓዳቸው ውሃ አንቀዳም፣ እነሱም ከእጃችን አይጠጡም ነበር፣ ነፋሱንም ቢሆን ተራችንን ጠብቀን ነው የምንተነፍሰው።

እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ "የቤተ መቅደሱ ጎን" እያልኩ ኖሬአለሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ኢንዱማቲ እባላለሁ። ሕንድ አገር፣ ከፑኔ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ቦሳሪ የፋብሪካ ሰፈር ውስጥ፣ አሥራ አራት ሠራተኛ ያለው ወርክሾፕ አለኝ። ለአንድ ትልቅ የውሃ ፓምፕ ፋብሪካ ሮንዴላ፣ ብሎን ሥር የምትገባውን ቀለበት፣ እናቀርባለን። ሮንዴላ ስል ፈገግ የሚል ሰው ካለ፣ የቤቱ ፓምፕ ሮንዴላው የላላ ቀን ያስታውሰኝ። የግራ እጄ ሌባ ጣት ጫፍ የለውም፤ ፕሬስ ማሽኑ ሥራ ሲያስተምረኝ የወሰደው ክፍያ ነው። ባለቤቴ ሱባሽ ከሞተ ወዲህ ስምንት ዓመት፣ ማሽኑንም ሰዉንም እኔ ነኝ የማሽከረክረው። ከዚያ ውስጥ የመጨረሻውን ሦስት ዓመት ከእኔ የተላከ አንድ ሮንዴላ ተበላሽቷል ተብሎ አልተመለሰም። ይህን የምናገረው ልኩራራ ብዬ ነው።

ስማችን ባንሶዴ ነበር። ሱባሽ የመጀመሪያዋን ፕሬስ ማሽን ሲገዛ የሚተክልባት ሼድ ፍለጋ ሦስት አከራዮች ጋ ሄድን። ሦስቱም መጀመሪያ እሺ አሉ። ባንሶዴ የሚለውን ሲሰሙ መንደራችንን ጠየቁ፤ ኒምጋውን ስንላቸው በየት በኩል አሉ። ከዚያ አንደኛው ወንድሙ ሼዱን እንደሚፈልገው ድንገት ትዝ አለው። ሁለተኛው ጣሪያው እንደሚያፈስ ትዝ አለው። ሦስተኛው ደግሞ "ሞልቷል" አለ፣ ባዶ ሼድ መሃል ቆሞ! አራተኛው ጋ ስንደርስ ሱባሽ "ኒምጋውንካር እባላለሁ" አለ። የኒምጋውን ሰው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ስም ቄሱም ገበሬውም፣ ማንም ይዞት ሊገኝ ይችላል። "በየት በኩል?" "የቤተ መቅደሱ ጎን።" ቁልፉን የዚያኑ ዕለት ተረከብን። ኋላም ስሙን በሕግ አስቀየርነው። ያን ዕለት ቁልፉን ይዘን ስንመለስ አውቶብስ ውስጥ እንደ ሌባ እየተያየን ሳቅን፣ ሳቁ ግን ሁለት ፌርማታ አልዘለቀም።

እንግዲህ ስምና ሮንዴላ ይዘን እንዲህ ስንኖር፣ ባለፈው ዓመት ሁለት ወሬ በአንድ ሰሞን መጣ።

አንደኛው ክፉ ነበር። ፋብሪካው አዲስ ዓይነት ፓምፕ ሊያወጣ ነው፤ አዲሱ ፓምፕ የእኔን ሮንዴላ አይፈልግም። ከዲዋሊ በዓል በኋላ ትእዛዙ ይቆማል። ለእኔ ይህ ማለት አሥራ አራት ሰው አሰናብቼ በሩን መዝጋት ነው።

ሁለተኛውን ወሬ የነገሩን የፋብሪካው የግዢ ኃላፊ ፓራንጃፔ ሳሄብ፣ ጌታው ፓራንጃፔ እንደማለት፣ ናቸው። አቅራቢዎችን ሁሉ ሰብስበው፣ ሳምቡሳና ሻይ አቅርበው፣ መነጽራቸውን ሦስት ጊዜ ከጠረጉ በኋላ ተናገሩ።

"ማንም አላስገደደንም፣ መንግሥትም አላዘዘንም" አሉ። "ለዘመናት ከተገፉ ማኅበረሰቦች የመጡ አቅራቢዎች ስንት እንዳሉን አጣራን። ከመቶ ስልሳ አቅራቢዎች አንድም የለም። ባለቤቶቹ አፈሩ። እኔም አፈርኩ። ስለዚህ የአዲሱን ፓምፕ ክዳን የሚቆርጡልን አምስት ወርክሾፖች ከነዚህ ማኅበረሰቦች እንዲሆኑ ወስነናል። ማሽኑን በቀላል ብድር፣ አሠልጣኙን በነፃ እንሰጣለን። ጥራቱን ግን አንድ ፀጉር ያህል አንቀንስም።"

አንድም የለም! አንድማ አለች፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ሳምቡሳ እየበላች። ሳቄ ከሳምቡሳው ጋር ጉሮሮዬ ውስጥ ተጋጨና ትን አለኝ። ጀርባዬን የመታልኝ ሺቶሌ ነበር።

ሺቶሌን ማስተዋወቅ አለብኝ። የአቅራቢዎች ማኅበር ሊቀመንበር ነው። ዘሩ ትልቅ፣ ድምፁ ትልቅ፣ ሆዱም አያንስም። ሮንዴላ እንዳይዝግ ዚንክ ውስጥ መነከር አለበት፤ በአካባቢያችን የታመነ የዚንክ መንከሪያ ያለው እሱ ነው። ሱባሽ የሞተ ሰሞን ሌሎቹ "ሴትዮዋ መቼ ትዘጋ ይሆን" እያሉ ሲጠብቁ፣ ሺቶሌ መካኒኩን በየሳምንቱ ይልክልኝ ነበር። ዕቃዬንም "ሲኖርሽ ትሰጪኛለሽ" ብሎ በዱቤ ነክሮልኛል። በዚያው ዓመት፣ እህት ለወንድሟ ክር በምታስርበት በዓል፣ እጁን ዘርግቶ "እህት የለኝም፣ እሰሪልኝ" አለኝ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የእጁ አንጓ ላይ ክር አስርለታለሁ፣ በኮኮናት የተሠራ ጣፋጭ ሩዝ አበላዋለሁ። ዳዳ እለዋለሁ፣ ታላቅ ወንድም ማለቴ ነው። እወደዋለሁ። አሁንም።

በማግስቱ ሺቶሌ ማኅበሩን መንከሪያው ግቢ ሰበሰበን።

"ለመንግሥት ሥራ ኮታ አላቸው፣ ለኮሌጅ ኮታ አላቸው፣ አሁን ደግሞ ገበያችን ውስጥ ሊገቡ ነው!" አለ። "ይሄ ሥራ በችሎታ ነው የሚገኘው ወይስ በልመና? ለባለቤቶቹ ለራሳቸው እንነግራቸዋለን። ተናጋሪ ብቻ ነው የሚያስፈልገን።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረና ፊቱ በራ። "ምን ተናጋሪ ያስፈልጋል፣ ይቺትና! ባሏ የሞተባት ሴት፣ በሦስት ዓመት አንድ ሮንዴላ ያልተመለሰባት! ማን ኮታ ሰጣት? ኢንዱ ባይ፣ አንቺ ትናገሪያለሽ።" ባይ እኛ ጋ ሴትን የምናከብርበት ቃል ነው።

ሁሉም አጨበጨበ። "ትናገር! ትናገር!" እኔም ከእነሱ ጋር አጨበጨብኩ እንጂ ምን አደርጋለሁ።

ቤት ስገባ ልጄ ቴጃስዊኒ የክዳኑን ሥራ ማመልከቻ ቅጽ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ጠበቀችኝ። የማሽን ኢንጂነር ናት፤ ኮሌጅ የገባችው በዚያው እነ ሺቶሌ በሚያማርሩበት ኮታ ነው፣ የወጣችው ግን ከክፍሏ አንደኛ ሆና። የዘራችንን የምስክር ወረቀት ከደበቅንበት የብስኩት ቆርቆሮ አውጥታ ቅጹ አጠገብ አስቀምጣዋለች።

"ተናጋሪ ሆንሽ ሲሉ ሰማሁ" አለችኝ። "እንኳን ደስ አለሽ። በራስሽ ላይ ልትመሰክሪ ነው።"

"ስለ ጥራት ብቻ ተናግሬ እቀመጣለሁ።"

"እማ፣ ይሄ ሥራ የኛ ነው። ከመቶ ስልሳ አንድም የለም ሲሉ ለምንድነው እጅሽን ያላወጣሽው?"

"እጄን ባወጣ በማግስቱ ሺቶሌ ዚንኩን ይዘጋብኛል። ያልተነከረ ሮንዴላ ማን ይቀበለኛል? ሠራተኞቹስ? ግማሾቹ ከኔ ጋር ምሳ የሚበሉት ማን እንደሆንኩ ስለማያውቁ ነው።"

"ቻካንም ዚንክ መንከሪያ አለ።"

"ቻካን ሩቅ ነው።"

"ቻካን ጨረቃ ላይ ነው እንዴ? በጭነት መኪና አንድ ሰዓት እኮ ነው!"

"ላንቺ ሁሉ ነገር ቀላል ነው" አልኳት። "የኮሌጅ ልጅ! ስም መደበቅ ምን እንደሆነ ሳታውቂ ነው ያደግሽው።"

"እሱንማ አውቃለሁ" አለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። "ስምንት ዓመቴ ላይ የጓደኛዬ እናት በየት በኩል ናችሁ ስትለኝ ምን ብዬ እንድመልስ ያስጠናሽኝ አንቺ ነሽ።"

አስጠንቻታለሁ፤ እንደ ማባዛት ሰንጠረዥ ደጋግሜ። ቅጹን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፣ ላስገባው ሳይሆን ከፊቴ እንዲጠፋ ብዬ ነበር።

የስብሰባው ቀን ዝናቡ የፋብሪካውን አዳራሽ ቆርቆሮ እየደበደበ ነበር። ከፊት የፋብሪካው ባለቤቶችና ፓራንጃፔ ሳሄብ፣ ከኋላ ሰማንያ የምንሆን አቅራቢዎች። እውነቱን ለመናገር ሃሳቤ ያው ነበር፦ ስለ ጥራት አምስት ደቂቃ አውርቼ፣ ማንንም ሳላስቀይም እቀመጣለሁ። ሮንዴላዬ እስከ ዲዋሊ አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን ከዚያ በኋላ።

ያበላሸው ሺቶሌ ራሱ ነው። እኔን ሊያስተዋውቅ ተነሣና ማቆም አቃተው።

"ይሄ ሥራ በእጅ ነው የሚሠራው፣ በሳሄቦች ርኅራኄ አይደለም" አለ። "እነዚያን ሰዎች አልጠላም። ግን እጃቸው ለዚህ አልተፈጠረም። መጥረጊያ መያዝ የለመደ እጅ የማሽን ሚሊሜትር አይዝም። እጅ ለማየት ከፈለጋችሁ የእህቴን እጅ እዩ! ኢንዱ ባይ፣ ነይ፣ እንዴት እዚህ እንደደረስሽ ንገሪያቸው!"

እጅ አለ። የሱባሽ እጅ ትዝ አለኝ። እስከ ዛሬ የምሠራባቸውን የፕሬስ ቅርጾች ሁሉ የቀረጸው ያ እጅ ነው፤ ጥፍሩ ሁልጊዜ ግራሶ፣ ሚሊሜትር ሳይለካ በጣቱ የሚያውቅ። ያ ሰው በሥራው ላይ የራሱን ስም ሳይጽፍ ነው የሞተው። ደሜ ፈላ። ወደ መድረኩ ስሄድ ቅጹን ከቦርሳዬ አወጣሁት።

"ሺቶሌ ዳዳ ያለው እውነት ነው" ብዬ ጀመርኩ። "በሦስት ዓመት አንድ ሮንዴላ አልተመለሰብኝም። እንዴት እዚህ እንደደረስሽ ንገሪያቸው ብሎኛል፣ እነግራችኋለሁ። ስሜ ኢንዱማቲ ሱባሽ ባንሶዴ ነው። መንደሬ ኒምጋውን ነው። በየት በኩል ነው ብላችሁ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁኛል፣ እኔም የቤተ መቅደሱ ጎን ብያችኋለሁ። ዋሽቻችኋለሁ። ምሥራቅ በኩል ነው።"

ከኋላ አንዱ ሲኒውን ሲያስቀምጥ ተሰማ። ሺቶሌ ያጨበጨበበት እጁ እንደተገናኘ ቀርቷል።

"ኮታ ሳታገኝ ደረሰች ብላችሁኛል። አግኝቻለሁ እኮ! የእናንተን። ባንሶዴ ተብዬ ስመጣ ባዶው ሼድ ሞልቶ ነበር። ስሜን ቀይሬ እናንተን ስመስል በሩ ተከፈተልኝ፣ ሻይ ታዘዘልኝ፣ ዕቃዬ በዱቤ ተነከረልኝ፣ ማሽኔ ሲቆም መካኒክ መጣልኝ። ይሄ ሁሉ ከመወለድ ጋር የሚመጣ ስለሆነ እናንተ ስም አላወጣችሁለትም። እኔ ግን ከውጭ ስለመጣሁ አየሁት። ደግሞ አመሰግናለሁ፣ በጣም ጠቅሞኛል። ሮንዴላውን ግን የሠራው ስሙ አይደለም፤ ይሄ እጅ ነው።" ጫፍ የሌለውን ጣቴን ከሌሎቹ ጋር አንሥቼ አሳየኋቸው። "ምሥራቅ በኩል እንዲህ ያለ እጅ ብዙ አለ። በር የሚከፍትለት ነው ያጣው፣ እንደ እኔም መዋሸት አልቻለበትም።"

ከዚያ ቅጹን ፓራንጃፔ ሳሄብ ፊት አስቀመጥኩ።

"ከመቶ ስልሳ አንድም የለም ብለው ነበር ሳሄብ። አንድ አለ ብለው ያስተካክሉት።"

ከመድረኩ ወረድኩ። ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽም፣ መዋሸቱስ በቅቶኛል። ግን ደግሞ ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ በሙሉ ደረቴ ስተነፍስ ታወቀኝ።

ሺቶሌ ደረጃው ላይ ደረሰብኝ።

"ሰማንያ ሰው ፊት አዋረድሽኝ።"

"ንገሪያቸው አልከኝ፣ ነገርኳቸው።"

"ስምንት ዓመት!" ድምፁ ሰለለ። "ስምንት ዓመት ክርሽን እጄ ላይ አስሬ ኖርኩ!"

"ታዲያ አሳክኮህ ያውቃል?"

ጃንጥላውን እንኳ ሳይዘረጋ በዝናቡ ውስጥ ወጥቶ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ሾፌሬ ወደ መንከሪያው የላክሁትን ጭነት እንዳለ ይዞት ተመለሰ። "ሞልቷል አሉኝ" አለ። ሞልቷል! ያንኑ ቃል፣ ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ፣ አቧራ እንኳ ሳይነካው። ጮክ ብዬ ሳቅሁ፣ ከዚያ ወደ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ።

ሠራተኞቹን ሰብስቤ ከራሴ አፍ እንዲሰሙ ነገርኳቸው። ሁለቱ የዚያኑ ዕለት ሂሳባቸውን ተቀብለው ሄዱ። ዋናው ባለሙያዬ ጋንፓት ካካ፣ አጎቴ ጋንፓት እንደማለት፣ ፕሬሱ ላይ እንዳጎነበሱ ቀና ሳይሉ አዳመጡኝ።

"እርስዎስ ካካ?" አልኳቸው።

"ተቀይሜሻለሁ" አሉ። "ስለ ሆድ ዕቃዬ ሕመም ሳይቀር ነግሬሻለሁ፣ አንቺ ይቺን ደበቅሽኝ።"

"በመጀመሪያው ቀን ብነግርዎ ኖሮ ይቀጠሩ ነበር?"

ጢማቸውን ጠረጉ፣ አሰቡበት። "አልቀጠርም ነበር" አሉ። እኚህ ሰው ውሸት አያውቁም። "አሁን ግን ጡረታ ሊወጣ ሦስት ዓመት የቀረው ሰው የአሠሪ ዘር ሲያማርጥ ቢዞር ሰው ይስቅበታል። ቅርጹን አቀብይኝ።"

ያን ሳምንት ምሳቸውን ለብቻቸው በሉ። በሁለተኛው ሳምንት ከእኔ ሳህን ቃሪያ አነሡ፣ እንደ ድሮው ሳይጠይቁ።

ፓራንጃፔ ሳሄብ የዚንኩን ነገር ሰምተው ደወሉልኝ። "ሺቶሌም የእኛ አቅራቢ ነው፤ አንድ ደብዳቤ ብጽፍለት ይነክርልሻል" አሉኝ።

"አይጻፉ ሳሄብ" አልኳቸው። "በትእዛዝ የተነከረ ዕቃ ዚንኩ ቶሎ ይላጣል።"

ቻካን ሄድኩ። እውነትም ጨረቃ ላይ አልነበረም። አንድ ዝምተኛ ሰውዬ ሮንዴላዬን በጥፍሩ ፍቆ አየና መንደሬን ሳይጠይቀኝ ዋጋ ነገረኝ። የስድስት ወር ውል ተፈራረምን። ጠዋት መኪናውን አንድ ሰዓት ያህል ቀድመን ማስነሣት ጀመርን እንጂ ሌላ ምንም አልተቀየረም። ያን ያህል ዓመት የፈራሁት ነገር የአንድ ሰዓት መንገድ ሆኖ ተገኘ።

የክዳኑን ሥራ ደግሞ በብር ሳህን አላቀረቡልኝም። የፋብሪካው መሐንዲሶች መጥተው ወለሌን ረገጡ፣ መብራቴን ለኩ፣ የመጀመሪያውን ናሙናዬን ዕቃውን በሚፈትሹበት መብራት ሥር አገላብጠው "አያልፍም" አሉኝ። ቴጃስዊኒ ከአሠልጣኙ ጋር አሥር ቀን ማሽኑ ላይ ተተክላ ዋለች። ሁለተኛው ናሙና አለፈ። ቁጥሩ ከሌሎቹ ሁሉ የተሻለ እንደነበር ሳሄብ በጆሮዬ ነግረውኛል፤ እኔ ደግሞ ለአገር ሁሉ ነገርኩ። ከአምስቱ ወርክሾፖች የመጀመሪያው የእኛ ሆነ፣ ማሽኑም መጥቶ ተተከለ። በበሩ ላይ አዲስ ታፔላ ሰቀልኩ። "ባንሶዴ" ይላል፣ ከመንገድ ማዶ እንዲነበብ ሆኖ በትልቁ። ሱባሽ ቢያየው ፊደሉ ተለቀ ይል ነበር፤ ዓይን አፋር ሰው ነበር።

የክሩ በዓል ደረሰ። የኮኮናቱን ሩዝ እንደየዓመቱ ሠርቼ ወደ ወርክሾፑ ይዤው መጣሁ።

"ለማን ነው?" አለችኝ ቴጃስዊኒ።

"ለሆዴ።"

"ክሩስ? መሳቢያሽ ውስጥ አይቼዋለሁ።"

"ከስብሰባው በፊት የተገዛ ነው። ሥራሽን ሥሪ!"

እኔ ወደ እሱ ቤት አልሄድም፣ ይህን ቆርጬ ነበር። የወርክሾፔን መንገድ ያውቀዋል፣ ታፔላውም ከሩቅ ይነበባል። ከቀትር በኋላ ዝናቡ ጋብ ሲል ሺቶሌ ጃንጥላውን ይዞ ገባ። ታፔላውን ሲያነብ በመስኮት አይቼዋለሁ፤ አንድ ቃል ለማንበብ ብዙ ቆየ። ሁልጊዜ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጠ።

"ሚስቴ ክር ሳታስር ብትመለስ ምሳ የለም አለችኝ" አለ።

"ብልህ ሴት ናት።"

"ያ ስለ እጅ የተናገርኩት..." አለና አዲሱን ማሽን፣ ግድግዳውን፣ ጫማውን አየ። "ሳላስብ ነው የተናገርኩት።"

"አስበህ ነው ዳዳ። ስለ እኔ እንደሆነ ግን አላወቅህም።"

ራሱን ነቀነቀ። "መንከሪያው ግቢ ሁለት ገንዳ ባዶ ነው" አለ። "ዕቃሽን እንደገና ወደ እኔ ላኪ። ክዳኑም ሲጀመር መነከር ይፈልጋል፣ ሰምቻለሁ።"

"ለቻካኑ ሰውዬ የስድስት ወር ቃል ሰጥቻለሁ። ሞልቷል ብዬ አልመልስህም፣ አይዞህ። ስድስቱ ወር ሲያልቅ ዋጋህንና ናሙናህን ይዘህ እንደማንኛውም ሰው ትመጣለህ። በችሎታ ብቻ። አንተው ነህ ያልከው።"

"እንደማንኛውም ሰው?" ተቀየመ፣ ከልቡ። "ለወንድም ትንሽ ቅድሚያ የለም እንዴ?"

ያለውን ራሱ ሰማው። ጆሮው ቀላ፣ ከዚያ አንገቱ ቀላ። ከማሽኑ ጀርባ ቴጃስዊኒ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ፈነዳች፣ ጋንፓት ካካም ሳል የመሰለ ነገር አወጡ።

"አለ እንጂ ዳዳ" አልኩት። "ግን ቅጽ ይሞላል።"

"ምን ይላል ቅጹ?"

"ስም። መንደር። ደግሞ በየት በኩል።"

አቀረቀረ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ እየሳቀ መሆኑን ያወቅሁት ቀና ሲል ነው፣ ዓይኑ ግን እርጥብ ነበር። "ውሃ ስጪኝ" አለ።

ከማሰሮው ቀድቼ ሰጠሁት። ስምንት ዓመት ከእጄ ውሃ ሲጠጣ ኖሯል፤ አውቆ ሲጠጣ ግን የመጀመሪያው ነበር። ከመጠጣቱ በፊት ብርጭቆውን ለአፍታ አየው። ማየቱን አይቻለሁ፣ ያላየሁ አልመስልም። ከዚያ ጭልጥ አድርጎ ጠጣውና ባዶውን ብርጭቆ አስቀምጦ እጁን ዘረጋልኝ።

ክሩን ከመሳቢያው አወጣሁ። ሁለት ጊዜ ጠምጥሜ፣ ከየዓመቱ ጠበቅ አድርጌ ቋጠርኩት።

"ዘንድሮስ" አልኩት፣ "ትንሽ ያሳክክሃል።"